መኪናዬን ላሻሽላት ወይስ ፈጠን ያለች ልግዛ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መልሶቹ አዲስ አበባና አካባቢዋ ለሚነዳ ሰው የተጻፉ ናቸው፤ ውጭ አገር ላላችሁ ከታች አንድ ጥያቄ አለ።

መኪናዬ ዳገት ላይ አልጎትት አለች። ማሻሻል ነው የሚያስፈልጋት?

መጀመሪያ የሚያስፈልጋት ደህና መካኒክ ነው። "ቀርፋፋ ናት" ተብለው ከሚታሙት መኪኖች ብዙዎቹ ሰርቪስ የራባቸው ናቸው። ካንዴላው አርጅቷል፣ ኖዝሉ ቆሽሿል፣ የጎማው ንፋስ ጎድሏል፣ አንዱ ፍሬን ይዟል። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ትንሽ ነው። ሲደማመር ግን ዳገቱ ላይ ታክሲ ጥሩምባ እየነፋ ያልፋችኋል።

ሁለት ነገር ራሳችሁ ማየት ትችላላችሁ። የአየር ፊልትሮውን አውጡና ወደ ፀሐይ አዙሩት። ብርሃን በወረቀቱ በኩል ካላለፈ ሞተሩ ታፍኗል ማለት ነው። በኮምፕሬሰር እያስነፉ መልሶ መግጠም የተለመደ ቢሆንም ደጋግመው የነፉት ወረቀት ይሳሳል፤ አቧራ ማሳለፍም ይጀምራል። አዲስ ግዙ። ሁለተኛው፣ ደህና ርቀት ነድታችሁ ስትቆሙ እጃችሁን ወደ ቸርኬዎቹ አስጠጉ፤ አትንኩ። የፊት ሁለቱ ተቀራራቢ ሙቀት ሊኖራቸው ይገባል። አንደኛው ብቻ የሚፋጅ ከሆነ ያ ፍሬን አልለቀቀም፤ ፍሬን ይዛችሁ ነው ስትነዱ የከረማችሁት።

የቀረውን ለመካኒኩ ተዉት፤ ግን ሁለት ነገር ጠይቁት። የሁሉንም ሲሊንደር ኮምፕሬሽን፣ ማለትም አየር የመጨመቅ አቅማቸውን፣ ይለካ፤ ቁጥሮቹ ተቀራራቢ ይሁኑ። የጭስ መውጫው ካታሊስት፣ ማለትም ጭሱን የሚያጣራው ክፍል፣ መደፈኑንም ይይ። ብዙ ኪሎ ሜትር የሄዱ መኪኖች ላይ ይህ ይደፈንና ሞተሩን ያንቃል፤ ብዙ ሰው ግን አይጠረጥረውም።

አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች መኪና ይደክማል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ሰው ከሚገምተውም በላይ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ሞተር ቤንዚን የሚያቃጥለው ከአየር ጋር ደባልቆ ነው። አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱም ይሳሳል። ባለሙያዎች በግምት በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ይቀንሳሉ።

በቁጥር እንየው። 1.0 ሊትር ቪትዝ በፋብሪካ ወረቀት ላይ 70 ገደማ የፈረስ ጉልበት አላት። ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ስትቆም 54 አካባቢ ይቀራታል። እንጦጦ ስትወጣ ከ50 በታች ትወርዳለች። በዚያ ላይ አምስት ሰው ጫኑባት። 110 የፈረስ ጉልበት የተባለላት 1.6 ሊትር ኮሮላም እዚህ ወደ 84 ትወርዳለች። ወደ አዳማ ስትወርዱ "መኪናዋ ተነቃቃች" የምትሉት ስሜት የአሳብ ብቻ አይደለም። አዳማ ከአዲስ አበባ በ700 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች፤ ሞተሩ የተሻለ ይተነፍሳል።

ቱርቦ ያለው ሞተር አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ኪሳራውን በአብዛኛው ያካክሳል። ኤሌክትሪክ ሞተር ደግሞ አየር የሚባል ነገር አይፈልግም። ይህን ያዙልኝ፤ ከታች ያለው መልስ ሁሉ እየዞረ የሚመጣው እዚህ ነው።

ስፖርት ፊልትሮና ትልቅ ማርሚታ ባስገጥም ትፈጥናለች?

ትጮኻለች። ቱርቦ የሌለው ትንሽ ሞተር ላይ የፊልትሮና የማርሚታ ለውጥ የሚጨምረው ጥቂት የፈረስ ጉልበት ነው፤ እሱም ሞተሩ ሲጮህ ብቻ። ታች ላይ፣ ማለትም ከተማ ውስጥ በምንነዳበት ዙር፣ በጣም ሰፊ ቱቦ እንዲያውም ጉልበት ሊቀንስ ይችላል። ሰው የሚታለለው በድምፁ ነው። መኪናዋ ስታጓራ የሄደች ይመስለዋል። ሰዓት ይዞ ቢለካ ልዩነቱን አያገኘውም።

ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ ባለ ሁለት አፍ ማርሚታ ከማስበየዳችሁ በፊት ጎረቤት አስቡ። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ሞተር የሚያስነሳ ሰው ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። ዓመታዊ ምርመራ ላይም ድምፅና ጭስ ጥያቄ ያስነሳል።

በነፃ ወይም በትንሽ ወጪ መኪናዬን የማፈጥንበት መንገድ የለም?

አለ፤ ክብደት ቀንሱ። ከላይ ያለውን ፖርቶ መጋላ ካልተጠቀማችሁበት አውርዱት፤ ክብደቱም ንፋስ መያዙም ይጎዳል። ኮፈን ኋላ ውስጥ የከረመውን ጄሪካን፣ ያረጀ ባትሪና የመሣሪያ ሳጥን አውጡ። መለዋወጫ ጎማውን ግን ተዉት፤ እሱ የሚያስፈልገው የሌለ ቀን ነው። ትልቅና ከባድ ቸርኬ አስገብታችሁ ከሆነ ወደ ፋብሪካው መጠን መልሱት። ቪትዝ ላይ ባለ 17 ቸርኬ ያምራል፤ ግን ያንን ክብደት የምታሽከረክረው ያቺው 54 የፈረስ ጉልበት ናት።

"ኮምፒውተሩን ማስተካከል" የሚሉት ይሠራል?

እንደ ሞተሩ ነው። ሥራው የሞተሩን መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር መቀየር ነው፤ ቤንዚን መቼና ምን ያህል እንደሚረጭ፣ ካንዴላው መቼ እንደሚተኩስ፣ ቱርቦው ምን ያህል እንደሚጨምቅ። ቱርቦ ያለው ቤንዚን ወይም ናፍጣ ሞተር ላይ ከ15 እስከ 30 በመቶ ጭማሪ የተለመደ ነው። ከሁሉም ማሻሻያ በብር የሚያዋጣው ይኸው ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ላይ ግን ከ5 እስከ 10 በመቶ ካገኛችሁ ጥሩ ነው። 54 ላይ 5 በመቶ ስትጨምሩ ሦስት እንኳ አትሞላም።

ቱርቦ ላላችሁ ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንደኛ፣ ውጭ አገር ለከፍተኛ ኦክቴን፣ ማለትም ሲጨመቅ ያለጊዜው ለማይፈነዳ ቤንዚን የተዘጋጀ ሶፍትዌር እዚህ ማደያ በምንቀዳው ቤንዚን ሞተሩን ያስመታዋል፤ ቤንዚኑ ያለጊዜው ይፈነዳል። የሚሠራላችሁ ሰው ይህን ካልጠየቃችሁ ሥራውን አያውቀውም። ሁለተኛ፣ የቀድሞው ሶፍትዌር ኮፒ ተደርጎ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። አንድ ቀን መመለስ ትፈልጉ ይሆናል፤ ስትሸጡ ደግሞ በእርግጠኝነት ትፈልጉታላችሁ።

ታዲያ ቪትዜ ወይም ኮሮላዬ ላይ ቱርቦ ባስገጥምስ?

ይቻላል። ግን ቱርቦው ራሱ የወጪው ትንሹ ክፍል ነው። ቱርቦ ሳይኖረው የተሠራ ሞተር ራሱ አየሩን የሚጨምቅበት ልክ ከፍ ያለ ነው፤ የቪትዟ 10 ለ 1 ወይም ከዚያ በላይ ነው። በዚያ ላይ አየር ጨምቃችሁ ስትጨምሩበት ሞተሩ ይመታል፣ ፒስተን ይሰነጠቃል፣ ቴስታታ ጋርኔቶ ይበላል። እንዳይሆን ትልልቅ ኖዝሎች፣ ጠንካራ የቤንዚን ፓምፕ፣ ቱርቦው የጨመቀውን አየር የሚያበርድ ራዲያተር፣ አዲስ ሶፍትዌርና ጠንከር ያለ ፍሪሲዮን ትፈልጋላችሁ። አውቶማቲክ ከሆነች ደግሞ ካምቢዮው። በተለይ ሲቪቲ (በማርሽ ፋንታ በቀበቶ የሚሠራ) ካምቢዮ ያላቸው ትንንሽ መኪኖች የፋብሪካውን ጉልበት እንኳ በመከራ ነው የሚችሉት።

እኔ ለዕለት መኪና አልመክርም። ጠዋት ልጅ ትምህርት ቤት የምታደርስ፣ ከሰዓት ሥራ የምታመላልስ መኪና ላይ እንዲህ ያለ ሥራ ከሠራችሁ፣ ልጁን በኮንትራት ታክሲ መላክ የምትጀምሩበት ቀን ሩቅ አይደለም። ሁለተኛ መኪና ካላችሁ፣ ጊዜና የሚችል መካኒክ ካላችሁ፣ ሥራው ራሱ ደስ የሚላችሁ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። እንደ ትርፍ ጊዜ መዝናኛ ቁጠሩት፤ የሚመለስ ወጪ አድርጋችሁ አትቁጠሩት።

ሞተሩን በትልቅ ሞተር ብተካውስ?

በሜካኒክ ረገድ ከቱርቦው የተሻለ መንገድ ነው። 1.3 የነበረችውን ኮሮላ በ1.6 ወይም በ1.8 መተካት የሚችሉ ጋራዦች አሉ፤ የዚያው ቤተሰብ ሞተር ከሆነ ማሰሪያዎቹ ብዙ ጊዜ ይገጥማሉ። ችግሩ ወረቀቱ ነው። ሊብሬው ላይ የሻንሲ ቁጥር ብቻ አይደለም ያለው፤ የሞተር ቁጥርም አለ። ምርመራ ላይ ሁለቱም ይታያሉ። ስትሸጡም ገዢ የሚያመጣው ሰው ኮፈን ከፍቶ መጀመሪያ የሚያየው ያንን ቁጥር ነው።

ስለዚህ ሞተሩን ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩ የጉምሩክ ወረቀቱን ይስጣችሁ፤ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ሞተር በርካሽ ሲገኝ አትጓጉ። ከዚያም ፋይላችሁ ያለበት የመንጃና ተሽከርካሪ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ለውጡ ምን ምን እንደሚጠይቅ አጣሩ። ሞተሩ ከተገጠመ በኋላ ማጣራት የጀመረ ሰው ቦሎ ሲደርስ ይጨነቃል።

ገንዘብ ላወጣ ከወሰንኩ ከምን ልጀምር?

ከጎማና ከፍሬን። ይህን ስል ብዙ ሰው ፊቱ ይጠቁራል፤ ምክንያቱም ከውጭ አይታይም፣ አይጮህም። ግን ስሌቱ ቀላል ነው። ለመቆም የሚያስፈልግ ርቀት ከፍጥነት ጋር እኩል አያድግም፤ በካሬው ነው የሚያድገው። ከ100 ወደ 120 ስትጨምሩ ፍጥነቱ የጨመረው 20 በመቶ ነው። ፍሬን ከያዘበት እስክትቆሙ ያለው ርቀት ግን የጨመረው 44 በመቶ ነው።

ጎማው ጎን ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። ዶት (DOT) ከሚለው ቀጥሎ መጨረሻ ላይ አራት ቁጥር አለ። 3521 ካለ በፈረንጆች 2021 በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ዕድሜው አሥር ዓመት ያለፈ ጎማ አዲስ ተብሎ ሲሸጥ አይታችሁ ይሆናል፤ ላስቲኩ ደርቋል፣ ዝናብ ላይ አይዝም። ከመጠኑ ቀጥሎ ያለችው ፊደልም ትርጉም አላት። ኤስ (S) እስከ 180፣ ቲ (T) እስከ 190፣ ኤች (H) እስከ 210 ኪሎ ሜትር በሰዓት ትችላለች።

የፍሬን ዘይትን ማንም አያስታውሰውም። ዘይቱ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት ያለው ዘይት ቶሎ ይፈላል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው የምትወርዱት። እዚያ መሐል ፔዳሉ ስፖንጅ ከሆነባችሁ የሚያስፈልጋችሁ ጉልበት እንዳልነበረ ያኔ ይገባችኋል። በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። አሞርዛተሮቹንም በዚሁ አስፈትሹ።

ወጪው እስከ ምን ድረስ ሲሆን ነው መሸጥ የሚያዋጣው?

የራሴ መስመር እንዲህ ነው። ሰርቪስ፣ ጎማና ፍሬን ማሻሻያ ብዬ አልቆጥራቸውም፤ እነሱ በማንኛውም መኪና ላይ የሚወጡ ናቸው። ከእነሱ በላይ ለጉልበት ብቻ የሚወጣው ገንዘብ የመኪናዋን ዋጋ ከ15 በመቶ ካለፈ አቁሜ የሽያጭ ገበያውን አያለሁ። መካኒኩ የነገራችሁን ዋጋ ደግሞ በአንድ ተኩል አባዙት። ጋራዥ ውስጥ "ይቺንም እግረ መንገዳችንን" የማትባልበት ሥራ የለም።

በሌላው ወገንም ሐቁን ቁጠሩ። መሸጥና መግዛት ነፃ አይደለም። የደላላ ኮሚሽን አለ፣ የስም ማዛወሪያ አለ፣ የውል ማጽደቂያ አለ፣ አዲሲቷ መኪና ከገባች በኋላ የሚወጣ የመጀመሪያ ሰርቪስ አለ። ልዩነቱን ስታሰሉ እነዚህን ካልደመራችሁ ራሳችሁን ነው የምትሸውዱት።

የተሻሻለች መኪና ስትሸጥ ዋጋ ትጨምራለች?

እዚህ አገር? ትቀንሳለች። የእኛ ገበያ የሚወዳት ቃል "ያልተነካካች" የምትለዋ ናት። ማስታወቂያ ላይ ሞተሯ ያልተከፈተ፣ ቀለሟ የፋብሪካ፣ አንድ ሰው የነዳት ስትባል ነው ስልክ የሚጮኸው። እናንተ ቱርቦው ላይ ያፈሰሳችሁትን ገዢው እንደ ጉዳት ነው የሚቆጥርባችሁ። ያወጣችሁትን የፋብሪካ ዕቃ ሁሉ በካርቶን አስቀምጡ፤ ስትሸጡ መልሳችሁ ግጠሙና የተሻሻለውን ለብቻው ለሚወድ ሰው ሽጡት።

ቤንዚን የሚነዳ ፈጣን መኪና አሁን መግዛት ይቻላል?

አገር ውስጥ ካለው ላይ አዎ። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከሉን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በጥር 2016 አስታውቋል። ስለዚህ ምርጫችሁ ቀድሞ የገባው ነው። ተለቅ ያለ ሞተር ብቻ አታሳድዱ፤ ቱርቦ ፈልጉ።

ምሳሌ ልስጣችሁ። ሱዙኪ ቪታራ ሁለት ዓይነት ቤንዚን ሞተር ይዛ ተሠርታለች። አንደኛው 1.6 ሊትር ያለ ቱርቦ ነው፤ 120 ገደማ የፈረስ ጉልበት። ሌላኛው 1.4 ሊትር ከቱርቦ ጋር፤ 140 ገደማ። ባሕር ዳርቻ ላይ ልዩነታቸው 20 ነው። እዚህ ግን 1.6ቷ ወደ 90 ስትወርድ ባለ ቱርቦዋ ያላትን አብዛኛውን ይዛ ትቀራለች። ከውጭ ሲያዩዋቸው መንታ ናቸው። ደላላው "ያው ቪታራ ነው" ይላችኋል። ኮፈን ክፈቱ፣ ሊብሬው ላይ ያለውን የሞተር ይዘት አንብቡ።

አንድ ነገር ግን አስቡበት። ባለ ቱርቦ መኪና ዘይቱ በሰዓቱ ካልተቀየረ ቱርቦው ይሞታል። የሰርቪስ ታሪኳ የማይታወቅ መኪና ከሆነች ስትነሱ የሚወጣውን ጭስ ከኋላ ሌላ ሰው ቆሞ ይይላችሁ። ሰማያዊ ጭስ ካየ ወደ ቤታችሁ ሂዱ።

ኤሌክትሪክ መኪና ልግዛ? ሁሉም ፈጣን ናቸው ይባላል።

ሁሉም አይደሉም። ቢዋይዲ ሲጋል ሞተሯ 75 የፈረስ ጉልበት ነው፤ ከ0 እስከ 50 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመድረስ 5 ሰከንድ ገደማ ይፈጅባታል፤ ከ130 በላይ አትሄድም። 204 የፈረስ ጉልበት ያለው ፎልክስቫገን አይዲ 4 ከ0 እስከ 100 በ8.5 ሰከንድ አካባቢ ይደርሳል። የዚያኑ ያህል ጉልበት ያለው ቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ ከ7.5 ሰከንድ በታች ነው። ለማነጻጸር፣ 1.0 ሊትር ቪትዝ በባሕር ወለል እንኳ 15 ሰከንድ ገደማ ይፈጅባታል።

ግን ከፍታውን አስታውሱ። የሲጋሏ 75 እዚህም 75 ነው። የ1.6ቷ ኮሮላ 110 ግን 84 ሆኗል። ትንሿ ኤሌክትሪክ ትራፊክ መብራት ላይ ኮሮላውን ጥላው የምትሄደው ለዚህ ነው፤ ጉልበቷ ከመጀመሪያዋ ሰከንድ ጀምሮ ሙሉ ነው፣ ማርሽ አትጠብቅም። ከተማ ውስጥ ሰው "ፍጥነት" የሚለው በአብዛኛው ይህንን ነው። ከቆመበት ቶሎ መነሳት፣ ዳገት ላይ አለመንፈራገጥ። ለዚህ ከሆነ የምትፈልጉት፣ ቤንዚን ሞተር ላይ የምታወጡት ማንኛውም ብር አይደርስበትም።

የማይመቸውም አለ። ግቢ ከሌላችሁ ወይም ኮንዶሚኒየም ላይ የምትሰኩበት ቦታ ካልተፈቀደላችሁ አትግዙ፤ በየቀኑ ቻርጅ ፍለጋ መዞር ከነዳጅ ሰልፍ አይሻልም። ከቻይና ገበያ የመጡት የፈጣን ቻርጅ መሰኪያቸው የቻይና ነው፤ የምትጠቀሙበት ጣቢያ ያ እንዳለው አረጋግጡ። ስክሪኑ በቻይንኛ ብቻ ከሆነም ከመክፈላችሁ በፊት ያስተካክሉላችሁ። ያገለገለ ከሆነ የባትሪው ጤንነት በመሣሪያ ይነበብ፤ ሻጩ "መቶ ፐርሰንት ነው" ሲል ስክሪኑ ላይ ያለውን ቻርጅ እያሳያችሁ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በኤሌክትሪክ መኪና አዳማ ደርሶ መመለስስ?

ይቻላል፤ ግን መሄዱና መመለሱ እኩል አይደለም። ከነሰዉ ከሁለት ቶን በላይ የሚመዝን እንደ አይዲ 4 ያለ መኪና 700 ሜትር ሽቅብ ለመውጣት ብቻ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ተጨማሪ ይበላል። ሲወርድ ከዚያው የተወሰነውን ወደ ባትሪው ይመልሳል። ስለዚህ አዳማ ስትደርሱ ስክሪኑ "ገና ብዙ ይቀረኛል" ቢላችሁ አትመኑት፤ ቁልቁለቱን ነው የለመደው። ፈጣን መንገዱ ላይ የተፈቀደው ከፍተኛው 120 ነው። በ120 ስትነዱ የምትሄዱበት ርቀት በ90 ከምትሄዱበት በብዙ ያንሳል።

ስሞክራት ምን ልይ? አስፋልት ላይ ሁሉም ጥሩ ይመስላል።

ሻጭ ሁልጊዜ ሜዳ መንገድ ላይ ነው የሚወስዳችሁ። ዳገት ምረጡ። አራት ሰው ጫኑ፣ ኤሲ ክፈቱ፣ ዳገቱ ግማሽ ላይ በ30 ያህል እየሄዳችሁ ፔዳሉን እስከ ታች ርገጡ። ያኔ መኪናዋ ምን እንደምታደርግ ተመልከቱ። ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነት የማይጨምር ከሆነ ወይ ደካማ ነው ወይ ካምቢዮው ያንሸራትታል። አውቶማቲኩ ማርሽ ለመቀነስ ቢያመነታና ከዚያ ገጭ ብሎ ቢገባ የካምቢዮ ወጪ እየጠበቃችሁ ነው። የሙቀት መለኪያውንም በዓይን ጠርዝ ያዙት።

ከዚያ የራሳችሁን መኪና ይዛችሁ በዚያው ዳገት ላይ ያንኑ ድገሙ። ብዙ ሰው ይህንን አያደርግም። አዲሷን ከትዝታ ጋር ነው የሚያወዳድራት።

ማሻሻያ ባደርግ ኢንሹራንሱ ይከፍለኛል?

የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ስለሆነ ሁሉም አለው፤ ጥያቄው ሙሉ ሽፋን ላይ ነው። ኢንሹራንሱ ዋጋ የተመነው እናንተ በሞላችሁት ቅጽ ላይ ያለችውን መኪና ነው። ሞተር ቀይራችሁ ወይም ቱርቦ አስገብታችሁ ሳትነግሩት አደጋ ከደረሰ፣ ገማቹ ኮፈን ሲከፍት ለመከራከሪያ የሚሆን ነገር በእጁ ሰጣችሁት ማለት ነው። በደብዳቤ አሳውቁ፣ ማህተም ያለበት መልስ ተቀበሉ። ትንሽ ክፍያ ቢጨምርባችሁም ይሻላል። በቃል "ችግር የለውም" ያለችውን ልጅ አደጋ በደረሰ ቀን ቢሮ ላታገኟት ትችላላችሁ።

ውጭ አገር ነው የምኖረው። መልሱ ይለያል?

ይለያል። ዋሽንግተን አካባቢ ወይም ፍራንክፈርት ከሆናችሁ ከፍታው አይነካችሁም፤ ያገለገለ ፈጣን መኪናም ገበያው ላይ ሞልቷል። እንደ ጎልፍ ጂቲአይ ያለ ባለ ቱርቦ መኪና ከፋብሪካ ፍሬኑም አሞርዛተሩም ተስተካክሎ ይመጣል፤ ደካማ መኪና ከማሻሻል እሱን መግዛት ይረክሳል። ሕጉንም አትርሱ። አሜሪካ ውስጥ ካታሊስቱን አውጥቶ መጣል በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው። ጀርመን ውስጥ ጉልበት የሚጨምር ለውጥ ተመርምሮ ወረቀት ላይ ካልገባ መኪናዋ መንገድ ላይ የመውጣት ፈቃዷን ታጣለች።

ቨርጂኒያ ላላችሁ ለብቻው ልንገራችሁ፤ ብዙ ሐበሻ እዚያ ነው ያለው። በሰዓት ከ85 ማይል በላይ ወይም ከተፈቀደው 20 ማይልና ከዚያ በላይ አልፎ መንዳት ተራ ቅጣት አይደለም። በወንጀል የሚያስከስስ ነው፤ እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር መቀጮ አለው። ፈጣን መኪና ሲገዛ ይህንን ሻጩ አይነግራችሁም።

ያለችኝ አሮጌ ዲኤክስ ናት። ቀርፋፋ ናት፤ ግን ልሸጣት አልችልም። ምን ላድርግ?

አትሽጧት። ዲኤክስም ሆነች ቮልስ በፍጥነት ዘመናዊ መኪና ላይ አትደርስም፤ እንድትደርስ ብታስገድዷትም የምትወዱላትን ነገር ታጣላችሁ። ለፍጥነት ሌላ መኪና ይኑር፤ አቅም ከሌለም ፍጥነቱ ይቅር። ግን አሮጌ መኪና ላይ አንድ እውነተኛ ጉልበት የሚያስገኝ ሥራ አለ፤ እሱም ካርቡራቶሩ ነው።

ካርቡራቶር እንደ ዘመናዊው መኪና ከፍታን አውቆ ራሱን አያስተካክልም። ለባሕር ወለል በተለካ ቀዳዳ እዚህ ሲሠራ አየሩ ስስ፣ ቤንዚኑ ብዙ ይሆናል። ምልክቱ ቀላል ነው። ካንዴላውን ስትፈቱት ጥቀርሻ ለብሷል፣ ጭሱ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፣ መኪናዋም ትጠጣለች። ካርቡራቶር የሚያውቅ ሽማግሌ መካኒክ ፈልጉ። ቤንዚን የሚያሳልፈውን ጂግለር አንድ ቁጥር ጠበብ ባለ ይቀይርላችሁ፣ የካንዴላውን መተኮሻ ሰዓትም ትንሽ ያስቀድምላችሁ። ካንዴላው የብስኩት ቀለም እስኪይዝ ድረስ እየነዱ፣ እየፈቱ ማየት ነው። ወደ አዋሽ ወይም ወደ ድሬዳዋ ልትወርዱ ስትሉ ግን የድሮውን ጂግለር መልሱ፣ ሰዓቱንም እንደነበረው ያድርገው። እዚያ አየሩ ይበዛል፣ ቤንዚኑ ያንሳል፤ በዚያ ሁኔታ በሙቀት ከተነዳች ፒስተን ታቃጥላለች።